ታሞ ተኝቷል

ማርች 2፣ እሑድ

...እና ያኔ ጋሽ ካሳዬ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነበር። "በልጄ ነገር ፍርድ ቤት አልሄድም ብለሽ ማይ" አሉኝ። አልኩ። የልጄ አባት ተሻገርም አለ። አጨበጨቡ? አይ፣ አላጨበጨቡም። መረቁን። ሁለት ዓመት ሆነው። ዛሬ እዚያው ሶፋ ላይ፣ እዚያው ጥግ ተቀምጬ ለምን ይህ ትዝ እንደሚለኝ...

ቀጠሮው ለስምንት ሰዓት ነበር። ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ጋሽ ካሳዬ ቤት፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። በደረጃ ወጣሁ። ጋሽ ካሳዬ አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ አቶ ገብረክርስቶስም፣ አሉ። ባሌ የለም። ባሌ ልበለው? አልተፋታንም፣ ተለያየን እንጂ። ሽማግሌ ፊት ተለያየን።

ስምንት ተኩል ሲሆን የተሻገር አጎት ልጅ፣ ዘመድኩን፣ ብቻውን መጣ። በረዶውን ከጫማው እያራገፈ፣

"ተሻገር ታሟል። ታሞ ተኝቷል። ይቅርታ በሉልኝ ብሏል።"

"እግዜር ይማረው" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

እኔ ፎርሙን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

የምፈልገው አንድ ፊርማ ነው። በልጄ በሶልያና የፓስፖርት ፎርም ላይ፣ አባት በሚለው መስመር። ሰሜን እንግሊዝ የሁለት ዓመት ሥራ አግኝቻለሁ። ልጄን ይዤ ነው የምሄደው። ፎርሙ እስከ ሜይ 9 ካልገባ ቪዛው አይደርስም። ቪዛው ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን በኢሜይል ጽፈውልኛል፣ በጣም በትሕትና።

ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ጁዲት አዲስ ቃል ሰጠችኝ። የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ቃላትን መዝገብ ስናዘጋጅ አምስተኛ ዓመታችን ነው። እሷ ሰባ አንድ ዓመቷ፣ አለቃዬ። ካርዶቹን በጫማ ካርቶን ታመጣለች። የዛሬው ሥልሳ አንድ ካርድ። በእያንዳንዱ ላይ ቃሉ የገባበት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በእጅ የተገለበጠ።

ኤሶይን።

ከፈረንሳዮች የመጣ ቃል። ሰው በቀጠሮው ቀን ችሎት ላለመቅረብ የሚያቀርበው ምክንያት። መዘግየት ነው፣ ግን ሕግ የሚያውቀው መዘግየት። ባለጉዳዩ ራሱ አይመጣም። ሰው ይልካል። የተላከው ሰው ቆሞ "ታሟል" ይላል። ቀኑ ይተላለፋል።

ሳቅሁ። ጁዲት ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

"ምን አሳቀሽ?"

"ምንም።"

ማርች 9፣ እሑድ

አሁንም ዘመድኩን። ዛሬ ደግሞ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት ነው። ዶን ቫሊ አውራ ጎዳና ላይ። "የሚጎትተው ቶው ትራክ እየጠበቀ ነው" አለ፣ ዓይኑን ከሻይ ብርጭቆው ላይ ሳያነሣ።

ጋሽ ካሳዬ ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ስለ መኪናው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። የቱ ጋ ቆመ? ምን ሆነ? አንድ እንኳ። አልጠየቁም።

ለሚቀጥለው እሑድ።

ማርች 11፣ ማክሰኞ

አራት ዓይነት ለይቻለሁ። የመንገድ ሕመም፦ ልመጣ ስል መንገድ ላይ ችግር ገጠመኝ። የአልጋ ሕመም፦ መነሣት አልቻልኩም። ባሕር ማዶ መሆን። የንጉሥ ሥራ ላይ መሆን።

ተሻገር በሁለት ሳምንት ሁለቱን ጨርሷል። የምንኖረው ቶሮንቶ ነው፤ ባሕር ማዶውን በነጻ ያገኘዋል። የቀረው ንጉሥ ብቻ ነው።

አንድ ደስ የሚል ካርድ ደግሞ አለ። የአልጋ ሕመም ከሆነ ፍርድ ቤቱ ዝም ብሎ አያምንም። አራት ባላባቶች ይልካል። ሰውየው ቤት ሄደው፣ እውነት ተኝቶ እንደሆነ በዓይናቸው ያያሉ።

በዓይናቸው።

ማርች 16፣ እሑድ

ሦስተኛ ቀጠሮ። ዘመድኩን ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

"ወገቡ ነው። ከአልጋ መነሣት አልቻለም።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት።

"ከ... ከሐሙስ።"

"ባለፈው መኪናው ነበር የታመመው።"

"እሱማ መኪናው ነው። ይሄ ወገቡ ነው።"

"እሱስ ልክ ነው" አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነው። ማንም ምንም ቢል።

ያኔ ካርዱ ትዝ አለኝ።

"እንግዲያው ሂዱና ጠይቁት" አልኩ።

የጋሽ ካሳዬ ፊት ተለወጠ። "ምን ማለትሽ ነው? ዋሽቶ ይሆናል ብለን የሰው አልጋ ልንፈትሽ?"

"ኧረ በፍጹም ጋሽዬ። ሰው ታሞ ተኝቷል እየተባለ፣ እናንተን የመሰሉ ሽማግሌዎች ሳይጠይቁት? ሰው ምን ይላል?"

የታመመ ሳይጠይቁ መቅረት... የሞተ ሳይቀብሩ እንደ መቅረት ነው ለነሱ። አቶ ገብረክርስቶስ ምንጣፉን አዩ። ዘመድኩን እኔን አየኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"እንሄዳለን" አሉ ጋሽ ካሳዬ በመጨረሻ። "ብርቱካን ይዘን እንሄዳለን።"

ደረጃውን ስወርድ ፈገግ እያልኩ ነበር። አሥራ አንድ ፎቅ ሙሉ። ክፉ ሴት ነኝ? ሳልሆን አልቀርም።

ማርች 18፣ ማክሰኞ

ባለፈው ሳምንት ያላየሁት ካርድ። ከታች ተጣብቆ ነበር።

አራቱ ባላባቶች ሄደው ሰውየውን እውነት ተኝቶ ካገኙት፣ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይሰጡታል። እስከዚያ ከሳሹ መጠበቅ ነው።

ካርዱን መልሼ ከታች አስገባሁት።

ማርች 23፣ እሑድ

አልጋ ላይ አገኙት።

ጋቢ ተከናንቦ። ከወገቡ ሥር ትራስ ተደርጎለት። ጋሽ ካሳዬ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ሰለለ። "አንጀቴን በላው" አሉ። "ብርቱካኑን እኔው ነኝ የላጥኩለት።"

"ፎርሙንስ አሳያችሁት?"

"ለታመመ ሰው ወረቀት ይታያል እንዴ አዲሴ?"

"እሱስ ልክ ነው።"

ውሳኔያቸውን ሰጡ። ጾሙ ይለፍ። ወገቡም ይዳን። ለዳግም ትንሣኤ እንገናኝ። ኤፕሪል 27 ማለት ነው። ከዚያ እስከ ሜይ 9 አሥራ ሁለት ቀን ይቀረኛል።

"አንቺም እስከዚያ ትረጋጊያለሽ" አሉኝ በሩን ሲከፍቱልኝ። መረጋጋት ምን አመጣው?

እኔ ነኝ የላክኋቸው። ማንም አላስገደደኝም። አንድ ካርድ አንብቤ፣ ሁለተኛውን ሳላነብ።

ማርች 27፣ ሐሙስ

ሶልያና እራት እየበላች፣

"ማሚ፣ እንግሊዝ ስኖው አለ?"

"ትንሽ።"

"ቦሪንግ።"

ከዚያ ደግሞ "ዳድ እስከ መቼ ነው የሚታመመው?" ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘመድኩን መጥቶ ከሎቢ እየወሰደ እሱ ጋ ያደርሳት ነበር። ከታመመ ወዲህ ቀረች። ሦስት ቅዳሜ። ውሸት ከሆነ፣ ለአንድ ፊርማ ብሎ ሦስት ቅዳሜ ልጁን ሳያይ? እውነት ከሆነስ...

እውነት ሊሆን አይችልም።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ኤግሊንተን ዌስት። ሶልያና ሹሩባ ልትሠራ። የምትሠራት ጃማይካዊት ናት፣ ሚስ ፐርል። መንገዱ ተቆፍሮ በአጥር ታጥሯል፤ ባሱ ሁለት ፌርማታ አልፎ ነው ያወረደን። ደንበኛ ጠፋ ብላ ሚስ ፐርል ስታማርር፣ እኔ በመስኮት አያለሁ።

ማዶ ካለው ሱቅ በር ላይ መሰላል ቆሟል። መሰላሉ ላይ ሰው። ጀርባውን አወቅሁት። አሥራ አራት ዓመት ያየሁት ጀርባ ነው። የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሰካበትን ቀበቶ ታጥቋል። ሁለት እጁን ሽቅብ ሰቅሎ የሱቁን መብራት ይሠራል። ወደ ኋላ ተለጠጠ። ጎንበስ አለ። ቀና አለ።

ወገብ!

ሶልያና አንገቷን ልታዞር ስትል ራሷን በሁለት እጄ ይዤ ወደ መስታወቱ መለስኩት። "አትነቃነቂ፣ ይበላሻል።" ሚስ ፐርል አየችኝ።

በስልኬ ሦስት ፎቶ አነሣሁ። በሦስተኛው ዘወር ብሏል። ያየኝ ይመስላል። አይቶኝ ይሆን? ካየኝ ለምን አልወረደም? ፎርሙ እኮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሃያ እርምጃ። ለምን ወጥቼ አልሄድኩም? ለምንድን ነው ፎቶ ማንሣት የቀለለኝ?

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ካሳዬን አገኘኋቸው። ስልኩን ከፍቼ ሰጠኋቸው። መነጽር አወጡ። አሰፉት። አጠበቡት።

"እግዚአብሔር ይመስገን! ተሻለው ማለት ነው!"

"እንግዲያው ነገ ይምጣ።"

"ቀጠሮው እኮ ለዳግም ትንሣኤ ነው።"

"ጋሽዬ፣ መሰላል ላይ ነው ያለው!"

"ደግ ነዋ። ሥራ ጀምሯል። ሥራ የያዘ ሰው በየቀኑ አይጠራም።"

አቶ ገብረክርስቶስ ከጎናቸው ቆመው ነበር። የሚሉትን አሉ።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የነበሩት እንኳ ይሻላሉ። በአልጋ ሕመም ቀን ያስተላለፈ ሰው፣ ሳይፈቀድለት ተነሥቶ፣ ታጥቆ ሲሄድ ከታየ ይያዛል። ታጥቆ። ካርዱ ላይ እንዲህ ነው የሚለው።

ማብራሪያውን ጻፍኩ፦ ፍርድን ለማጓተት የሚቀርብ የሐሰት ምክንያት።

ጁዲት በቀይ እርሳሷ "የሐሰት" የሚለውን ሰረዘችው።

"ከሥልሳ አንዱ ስንቱ ነው ሐሰት?"

ቆጠርኩ። አራት።

"የቀሩትስ?"

"አይታወቅም።"

"ታመው ነበር ይሆናል" አለች። "መዝገብ የምናዘጋጀው ለተናደደ ሰው አይደለም።"

እንዴት አወቀች? ፊቴ ላይ ነው?

ከሰዓት ሌላውን ትርጉም ሠራሁ። ቃሉ ከችሎት ወጥቶ ተራ ሰው አፍ ሲገባ ሰፍቷል። ማመካኛ ይሆናል። እንቅፋት ይሆናል። መዘግየት ይሆናል። ተረት አውሪዎቹ "ያለ ኤሶይን መጣ" ሲሉ፣ ሳይውል ሳያድር መጣ ማለታቸው ነው። እንዲህ የሚመጣ ሰው ተረት ውስጥ ብቻ ነው ያለው መሰለኝ።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

ዘመድኩንን ከሥራው በር ላይ ጠበቅሁት። ዶን ሚልስ አንድ ሕንፃ ላይ ሴኩሪቲ ነው። ቡና ልጋብዝህ አልኩት። ፈራ። ግን መጣ። ፎቶውን አሳየሁት። ሳቁ አመለጠውና ቡናው ትን አለው።

"ይሄ ሰውዬ ጉድ ሊሠራኝ ነው! በቀን አትውጣ አላልኩትም?"

"ማን ነው የሚልክህ ዘመድኩን?"

"ማን ይመስልሻል?"

"ተሻገር።"

"ተሻገር? ተሻገርማ የመጀመሪያው ቀን ጫማውን አድርጎ ሊመጣ ነበር። ጋሽ ካሳዬ ናቸው ኮል አድርገው 'አንተ አትምጣ፣ ታሟል እንላታለን' ያሉት።" አየኝ። ሳቁ ቆመ። "አንቺ እኮ... የምታውቂ መስሎኝ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ለሁሉም ሰው። እነሱ ራስ ምታት በል አሉኝ፤ ወገብ ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ። ራስ ምታት ሦስት ሳምንት አይቆይም።"

"እሱስ ምን አለ?"

"መጀመሪያ ተናደደ። ከዚያ... እኔ ምን አውቃለሁ አዲስ? ተመቸው መሰለኝ። ተኝቶ ብርቱካን ሲላጥለት የሚጠላ ማን አለ?"

የቡናውን ሒሳብ እኔ ልክፈል አለ። ከመኪናው በር ላይ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ፣ "እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪያቸው፣ በማርያም።"

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ምንም አልጽፍም።

ኤፕሪል 27፣ እሑድ

"እርስዎ ነዎት" አልኳቸው። ቁጭ ሳልል። ሊፍቱ ተሠርቷል፤ ሳልደክም ደረስኩ። ተሻገር ዛሬም የለም።

አልካዱም። ያበሳጨኝ እሱ ነው። ቢክዱ የማደርገውን አውቅ ነበር።

"እኛ ነን። ታዲያስ?"

"ዋሻችሁኝ።"

"አልዋሸንም። ቀጠርን።" ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ ቀሰሩ። "ሽምግልና ምን መስሎሽ ነው አዲሴ? ነገር እስኪበርድ ማቆየት ነው። ሦስት ዓመት በቀጠሮ አቆይተን ያስታረቅናቸው አሉ። ዛሬ ሁለተኛ ልጃቸውን ክርስትና አነሡ።"

"ያልታረቁትንስ ቆጥረዋቸው ያውቃሉ?"

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን..."

"አስታርቁኝ አላልኩም። አንድ ፊርማ ነው የጠየቅኩት። አንድ!"

"ፊርማው እኮ ነው ቤት የሚያፈርሰው!"

ጮኹ። ጋሽ ካሳዬ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም ደነገጡ። ውሃ ጠጡ።

"የኔን ቤት አርባ ደቂቃ ነው የፈጀባቸው" አሉ። "በናይንቲን ናይንቲ ዋን። ዳውንታውን ፍርድ ቤት፣ አንድ ጠዋት። ታክሲዬን ውጪ አቁሜ ነው የገባሁት። አስተርጓሚው 'አለቀ' አለኝ። ሚስቴ ልጆቼን ይዛ ቫንኩቨር ገባች። አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ፣ 'ዛሬ ታሟል፣ ለሌላ ቀን ይሁን' ያለልኝ የለም።"

አቶ ገብረክርስቶስ ምንም አላሉም። የተለመደውን እንኳ።

ማዘን ነበረብኝ። አዘንኩ? አዝኜ እንደሆነም ንዴቱ ውስጥ ጠፍቶኛል። የሳቸውን ጠዋት በኔ ልጅ ነው የሚያስመልሱት? በኔ ሜይ 9?

"ያ የእርስዎ ነው ጋሽ ካሳዬ" አልኩ። "ይሄ የኔ ነው።"

"ምለሻል" አሉኝ በሩ ጋ። "ሽማግሌ ፊት ምለሻል።"

ኤፕሪል 29፣ ማክሰኞ

ለጁዲት ሁሉንም ነገርኳት። በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤቴ አወራሁ። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር።

"በዚያ ዘመን በፍርድ የተሸነፈ መሬቱን ያጣል" አለች፣ ካርዶቹን እያስተካከለች። "ፍርዱ ከመጣ አይመለስም። ደካማው ሰው በእጁ ያለው ማዘግየት ብቻ ነበር።"

"ደካማው ማን እንደሆነ ማን ይወስናል?"

"ካርዶቹ እሱን አይነግሩንም።"

ጠላኋት። ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚያ ማብራሪያውን እሷ እንዳለችው አድርጌ ጨረስኩት፣ የሐሰት የሚለው ሳይኖርበት። ፈረመችበት። ለሷ መፈረም እንዴት ቀላል ነው።

ሜይ 4፣ እሑድ

ጋሽ ካሳዬ ደወሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው። "ለጰራቅሊጦስ እናድርገው። እሱም ይመጣል፣ ቃል ገብቷል።" ጰራቅሊጦስ ጁን 8 ነው። ያውቃሉ። ሜይ 9ን ከኔ እኩል ያውቃሉ።

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ሽማግሌ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም። ደስ ያለኝም መሰለኝ።

ሜይ 8፣ ሐሙስ

ሶልያናን ከትምህርት ቤት ተቀብዬ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ተሻገር ቤት ሄድን። ሽማግሌ የለም። የተላከ ሰው የለም። አልደወልኩም።

ባስ ውስጥ፣ "ማሚ፣ ዳድ ተሻለው?"

"አላውቅም።"

"ወገቡን ካመመው እንዴት ሳይን ያደርጋል?"

"በእጁ ነዋ።"

ሳቀች። እኔም። ሕንፃው ሥር ስንደርስ አልሳቅኩም።

ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ከፈተ። ጫማ አድርጓል፣ ጺሙን ተላጭቷል። ለሁለት ዓመት ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ስድብም ነበረበት። አንዱም አልመጣልኝም።

"ታሞ ተኝቷል አሉኝ" አልኩት።

"እኔን ደግሞ ተቆጥታለች አሉኝ።"

"ተቆጥቻለሁ።"

"እኔም ታምሜ ነበር" አለ። "መጀመሪያ ላይ አይደለም። ኋላ ነው።"

ሶልያና በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች። ጫማዋን አወለቀች። ቴሌቪዥን ስትከፍት ሰማሁ።

ፎርሙን ሰጠሁት። አነበበው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብሎ። ስሙን እኔ ሞልቼዋለሁ፤ የቀረው መስመር አንድ ነው። በጣቴ አሳየሁት።

"ለስንት ጊዜ ነው?"

"ሁለት ዓመት።"

"ሁለት ዓመት" አለ። ዘወር ብሎ ወደ ውስጥ አየ። የሶልያና ጀርባ ይታያል፣ ሹሩባዋ። ፎርሙን አጠፈው። አንዴ፣ በጥንቃቄ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥሞ።

"እስክሪብቶ ላምጣ።"

"ይኸው" አልኩት። እጄ ላይ ነበር። ዘረጋሁለት።

"የኔን" አለ።

ፎርሙን ይዞ ገባ፤ ሶልያና ውስጥ፣ እኔ ውጪ እንዳለን በሩ ተዘጋ።